ባለፋብሪካ በባለጸጋ ደጅ

ደጅ መጥናት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሹመት የሚፈልግ ከመኳንንት ደጅ፣ ፍርድ የሚፈልግ ከዳኛ ደጅ፣ ርስቱን የተነጠቀ ከንጉሥ ደጅ እየሄደ፣ ጧት ማልዶ እጅ እየነሣ፣ ማታ ሲመሽ እየተመለሰ፣ ፊቱ እስኪለመድና ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ወራትና ዓመታት ይቆይ ነበር። ደጅ የሚጠናው ሰው የጌታውን ጠባይ ያጠናል፤ መቼ እንደሚደሰት፣ በምን እንደሚቈጣ፣ ማንን እንደሚወድ ያውቃል። ይህ ሥርዓት የቤተ መንግሥት ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር የዓለምን የንግድ ታሪክ ይመልከት። ታላላቅ ባለፋብሪካዎችም እንደ ማንኛውም ጉዳይ ፈላጊ በባለጸጋ ደጅ ቆመው፣ ጠባዩን አጥንተውና ፍላጎቱን አውቀው ነው ሀብታቸውን ያካበቱት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቅንጦት ዕቃ ሠሪዎች፣ ይልቁንም የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች፣ ባለጸጋውን ሕዝብ በምን ዘዴ ደንበኛ እንዳደረጉት ታሪኩን በአጭሩ መግለጽ ነው። የኢትዮጵያ ተብለው ካልተገለጹ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውቶሞቢል ከመፈጠሩ አስቀድሞም ነጋዴ ከታላላቆች ደጅ አልራቀም። ሉዊ ቪቶን የተባለው ፈረንሳዊ ሣጥን ሠሪ በ1854 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የራሱን ሱቅ ከመክፈቱ በፊት የሣልሳዊ ናፖሊዮን ሚስት የእቴጌ ኤውዤኒን ልብስ ለጉዞ እያሰናዳ በሣጥን ያስቀምጥ ነበር። የእቴጌይቱን ልብስ የነካ እጅ የሠራው ሣጥን ነው ሲባል የፓሪስ ወይዛዝርት ሁሉ ያንኑ ሣጥን ተመኙ። አስመሳዮች ሲበዙም ልጁ ዦርዥ በ1896 ዓ.ም. የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች በሣጥኑ ልባስ ላይ በሙሉ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ዕቃ መያዣ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን ማንነት ከሩቅ የሚናገር ምልክት ሆነ። እንግዲህ ሁለቱ የቅንጦት ንግድ ምሰሶዎች፣ ማለት የታላቅ ሰው ስምና የሚታይ ምልክት፣ አውቶሞቢል በመንገድ ላይ ከመብዛቱ በፊት የቆሙ ነበሩ።

በአውቶሞቢል ንግድ ይህን ጥበብ ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው ኤሚል የሊኔክ የተባለ ሰው ነው። የሊኔክ የቪየና ከተማ የአይሁድ ረቢ ልጅ ሲሆን በንግድ በልጽጎ በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ ይኖር ነበር። ኒስ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ በዚያ ዘመን የአውሮፓ መሳፍንት፣ ባለባንኮችና ባለጸጎች የክረምቱን ብርድ ሸሽተው የሚሰበሰቡት በዚያ ነበር። የሊኔክ ከጀርመኑ የዳይምለር ኩባንያ አውቶሞቢል እየገዛ ለእነዚህ ሰዎች መሸጥ ጀመረ። ባለጸጎቹ የእሽቅድምድም ወዳጆች መሆናቸውን ስላወቀ እርሱም በ1899 ዓ.ም. በውድድር ውስጥ ገባ። የተወዳደረውም በራሱ ስም ሳይሆን በትንሽ ልጁ ስም «ሙሴ መርሴዲስ» ተብሎ ነበር።

በመጋቢት ወር 1900 ዓ.ም. ግን ከባድ አደጋ ደረሰ። ዊልሄልም ባወር የተባለው የዳይምለር ፋብሪካ ባልደረባ ከኒስ ወደ ላ ቱርቢ በሚያወጣው ዐቀበት ሲወዳደር ተጋጭቶ ሞተ። የፋብሪካው ሹማምንት ከእሽቅድምድም ለመውጣት ሲያስቡ የሊኔክ ተቃወመ። አደጋው የደረሰው መኪናው ከፍታው በዝቶ፣ ርዝመቱ አንሶ፣ ሚዛኑ ስለማይጠበቅ ነውና ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለና ኃይሉ የበረታ መኪና ይሠራልኝ አለ። ቃሉንም በገንዘብ አጸናው፤ በሚያዝያ ወር 36 መኪናዎች በ550,000 ማርክ ለመግዛት ተስማማ። ለዚህ ሁሉ በምትኩ የጠየቀው አዲሱ መኪና በልጁ ስም መርሴዲስ ተብሎ እንዲጠራ ነው። ዊልሄልም ማይባህ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መኪና በዓመቱ መጨረሻ ደረሰ፤ በመጋቢት 1901 ዓ.ም. በኒስ በተደረገው የውድድር ሳምንትም ተፎካካሪዎቹን ሁሉ አሸነፈ። በ1902 ዓ.ም. መርሴዲስ የሚለው ስም በሕግ ተመዘገበ። የሊኔክም በሚከተለው ዓመት የልጁን ስም ከራሱ ስም ጋር አጣምሮ መጠራት ጀመረ፤ አባት በልጁ ስም ተጠራ።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ። የሊኔክ መሐንዲስ አልነበረም፤ አንዲት ብሎን እንኳ አልፈጠረም። ነገር ግን ባለጸጎች የሚሰበሰቡበትን ስፍራ አወቀ፤ የሚመኙትንና የሚያማርሩበትን ነገር ሰምቶ ወደ ፋብሪካው ወሰደ፤ ለብረቱም ለጆሮ የሚጥም የሴት ልጅ ስም አወጣለት። ሻጭ ማለት በፋብሪካውና በባለጸጋው መካከል የሚመላለስ አማላጅ መሆኑን ያስተማረ እርሱ ነው።

በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ነገር በሁለት ሰዎች ኅብረት ተፈጸመ። ቻርልስ ሮልስ የመኳንንት ልጅ ነው፤ በሎንዶን ከተማ ለባላባቶች መኪና ይሸጥ ነበር። ሄንሪ ሮይስ ደግሞ የወፍጮ ቤት ሰው ልጅ ሲሆን በልጅነቱ ጋዜጣ እየሸጠና ቴሌግራም እያደረሰ ያደገ፣ በኋላም በራሱ ጥረት መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። ሁለቱ በግንቦት ወር 1904 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ በአንድ ሆቴል ተገናኙ፤ አንደኛው ብረቱን፣ ሌላው ደጁን የሚያውቅ ስለ ነበሩ በአንድነት ለመሥራት ተስማሙ። ክላውድ ጆንሰን የተባለው የኩባንያው ሥራ መሪም በ1907 ዓ.ም. አንዱን መኪና የብር ቀለም አስቀብቶ፣ ዕቃዎቹን በብር አስለብጦ፣ የብር መንፈስ የሚል ስም አወጣለት። ከዚያም በአውቶሞቢል ክበቡ ታዛቢዎች ፊት 15,000 ማይል፣ ማለት 24,000 ኪሎ ሜትር ያህል አስነዳው። ሕዝቡ የብሩን ጌጥ ተመለከተ፤ ገዢው ግን የርቀቱን ቊጥር አስተዋለ። ጌጥ ያለ ጥንካሬ እንደማይዘልቅ ጆንሰን ያውቅ ነበር።

ኩባንያው በዚያ ዘመን የሚሸጠው ሞተሩንና የታችኛውን አካል ብቻ ነበር። ገዢው የላይኛውን ክፍል፣ ወንበሩን፣ መጋረጃውንና ቀለሙን በወደደው ሠረገላ ሠሪ ዘንድ እንደ ልብስ በልኩ ያሠራ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መኪና ገዝተው እንኳ መኪናዎቻቸው አይመሳሰሉም። የሕንድ መሳፍንት ከዚህ ኩባንያ ብዙ መኪና መግዛታቸው የታወቀ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችንም የገባው በዚሁ በደጅ ጥናት መንገድ ነው። በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለ መኪና ይዞ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ገደሉን አልፎ ለአፄ ምኒልክ አደረሰ። ከእርሱም ብዙ ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ የአገሩን መኪና ይዞ መጣ። የመኪና መንገድ በሌለበት፣ ነዳጅ በማይሸጥበት አገር ሁለት የውጭ ሰዎች ይህን ያህል መድከማቸው የሚያስገርም ይመስላል። ዳሩ ግን በዓድዋ ድል ስሙ በዓለም በታወቀ ንጉሥ ፊት መቅረብና የእንዲህ ያለውን አገር መንገድ መወጣት ለአንድ መኪና ከብዙ ማስታወቂያ የሚበልጥ ምስክር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ጌጥ ፈላጊ ብቻ አልነበሩም፤ ስልክን፣ ባቡርንና የውኃ ቧንቧን በጉጉት እንደ መረመሩ ሁሉ ይህንንም ለአገር የሚሰጠውን ጥቅም ለማወቅ መረመሩት።

ደጅ የጠና ሁሉ ግን አይሾምም። በአልዛስ አገር በሞልስሃይም ከተማ ፋብሪካ የነበረው ኤቶሬ ቡጋቲ ለነገሥታት ብቻ የሚሸጥ መኪና ለመሥራት አሰበ፤ ስሙንም ሮያል፣ ማለት ንጉሣዊ አለው። ርዝመቱ ከ6 ሜትር በላይ፣ የሞተሩ ይዘት ወደ 13 ሊትር የሚጠጋ ነበር። ሐሳቡ 25 ለመሥራት ሲሆን ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ የገንዘብ ችግር ስለ ወደቀ የተሠሩት 6 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ለገዢ የተሸጡት 3 ነበሩ። ከገዢዎቹም መካከል አንድ ንጉሥ እንኳ አልተገኘም። የመጀመሪያው ገዢ በ1932 ዓ.ም. አርማን ኤስደር የተባለ ፈረንሳዊ የልብስ ነጋዴ ነበር፤ በሌሊት ስለማልነዳ የፊት መብራት አያስፈልገኝም ብሎ ያለ መብራት አሠራው። የተረፉት ሞተሮች የፈረንሳይ የባቡር ሐዲድ አውቶራይ መጎተቻ ሆኑ። ለነገሥታት የታሰበው ሞተር ቲኬት የቆረጠውን ሕዝብ ሁሉ አመላለሰ፤ ፋብሪካውም ከባቡሩ ያገኘው ገቢ ከነገሥታቱ ካሰበው የተሻለ ሆነለት።

በአሜሪካ ደግሞ ንጉሥ የለም፤ ስለዚህ ነጋዴው ሕዝቡን ራሱን በደረጃ መደበው። ሄንሪ ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ዓ.ም. ድረስ ቲ የተባለውን አንድ ዓይነት መኪና 15 ሚሊዮን ያህል ሠርቶ ለገበሬውም ለሠራተኛውም በርካሽ ሸጠ። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ መሪ አልፍሬድ ስሎን ግን ሰው ከጎረቤቱ ጋር እኩል መሆን ብቻ ሳይሆን በጥቂቱ መብለጥም እንደሚፈልግ ተረዳ። የኩባንያውን መኪናዎች እንደ መሰላል አቆማቸው፤ ከታች ሼቭሮሌት፣ ከዚያ ኦክላንድና ኦልድስሞቢል፣ ከዚያ ብዊክ፣ በመጨረሻው እርከን ላይ ካዲላክ። ደመወዙ ያደገ ሰው ማደጉን ጎረቤቱ እንዲያውቅለት አንድ እርከን ይወጣል። ገንዘብ ያልሞላለትም በ1919 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኩባንያው የብድር ድርጅት ተበድሮ ይገዛል። በሆሊውድ ለሲኒማ ተዋንያን መኪና ያሳምር የነበረው ሃርሊ ኧርል በ1927 ዓ.ም. የመልክና የቀለም ክፍል ሹም ሆኖ ተቀጠረ፤ በየዓመቱም የመኪናው መልክ ጥቂት በጥቂት እንዲለወጥ ተደረገ። ባለፈው ዓመት የተገዛው መኪና ሳያረጅ ያረጀ መሰለ።

የዚህ መሰላል ክፉ ገጽታ ግን በካዲላክ ታሪክ ታየ። የአስተዳደር ሊቅ ተብሎ የሚታወቀው ፒተር ድሩከር እንደ ጻፈው፣ በ1930ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ካዲላክ ክብሩ እንዳይቀንስ በማለት ለጥቁር አሜሪካውያን መኪና አልሸጥም ይል ነበር። ይሁን እንጂ ኒኮላስ ድራይሽታት የተባለው የጥገና ክፍል ኀላፊ በየከተማው ሲዘዋወር መኪናቸውን ለማሠራት የሚመጡ ብዙ ጥቁር ሐኪሞች፣ ቦክሰኞችና ዘፋኞች አየ። እነዚህ ሰዎች መኪናውን ያገኙት ለአንድ ነጭ ሰው ገንዘብ ሰጥተው በስሙ እንዲገዛላቸው በማድረግ ነው። በገንዘባቸው በጥሩ ሰፈር ቤት መግዛት፣ በጥሩ ሆቴል ማደር የተከለከሉ ሰዎች ክብራቸውን የሚገልጹበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ መኪና ነበር። ኩባንያው በችግሩ ዘመን ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ ድራይሽታት በአለቆቹ ፊት ቆሞ ለእነዚህ ሰዎች በቀጥታ እንሽጥ ብሎ ተናገረ፤ ተፈቀደለት፤ ሽያጩም አደገ። ፋብሪካው በሩን የከፈተው ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ ትርፍ መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን ታሪኩ አንድ ትልቅ እውነት ይገልጻል፤ ሰው ክብሩን በሌላ መንገድ በተከለከለ ጊዜ ክብርን ከገበያ ለመግዛት ይገደዳል። ይህን ሰው በኩራቱ የሚነቅፈው ፈራጅ አስቀድሞ በሮቹን ማን እንደ ዘጋበት መጠየቅ ይገባዋል።

ከጊዜ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ ባለፋብሪካው ተለማኝ፣ ባለጸጋው ለማኝ ሆነ። የኢጣልያው ፌራሪ ኩባንያ ከሚፈለገው ቊጥር ያነሰ መኪና መሥራትን ልማድ አደረገ። በ2002 ዓ.ም. በመሥራቹ በኤንዞ ስም የተጠራውን መኪና ለሽያጭ ያቀረበው 399 ብቻ አድርጎ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገዛው አልቻለም፤ ኩባንያው ከቀድሞ ደንበኞቹ መካከል መርጦ ሸጠ። አንድ ተጨማሪ መኪና ተሠርቶ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ለዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ ከተሰጠ በኋላ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለተቸገሩ ሰዎች መርጃ ዋለ። ኤርሜስ የተባለው የፓሪስ ቤትም በ1984 ዓ.ም. በተዋናይቱ በጄን በርኪን ስም የሠራው የእጅ ቦርሳ ገዢዎቹን በተራ ጠባቂነት ዓመታት ያስቆየ ሆኗል። ይህም አዲስ ዓይነት ደጅ ጥናት ነው፤ ባለጸጋው በሱቁ ደጅ ፊቱ እስኪለመድ ይመላለሳል፤ የማይፈልገውንም ዕቃ እየገዛ ታማኝነቱን ያስመሰክራል። የመከልከል ጥበብ ከማቅረብ ጥበብ ይልቅ አተረፈ።

ጃፓኖች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። የቶዮታ ኩባንያ ርካሽና ጠንካራ መኪና በመሥራት የታወቀ ነበርና ባለጸጋ የሚገዛው መኪና ለመሥራት ባሰበ ጊዜ የሚመካበት የነገሥታት ስም አልነበረውም። ስለዚህ ሠራተኞቹን ወደ ካሊፎርኒያ ልኮ ባለጸጎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደሚወዱ፣ ከመኪና ሲወጡና ሲገቡ ምን እንደሚያስቸግራቸው እንዲያጠኑ አደረገ። ሌክሰስ የተባለው መኪናም በ1989 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጥቂት ጉድለቶች በተገኙበት ጊዜ ኩባንያው 8,000 የሚያህሉትን መኪናዎች በሙሉ ጠራ። ሠራተኞቹ ወደየደንበኛው ቤት ሄደው መኪናውን ወሰዱ፤ ጠገኑት፤ አጠቡት፤ ነዳጁንም ሞልተው መለሱ። ለብዙ ድርጅት ውርደት ሊሆን የሚችለው ነገር ለዚህ ኩባንያ የዝናው መሠረት ሆነ። ደንበኛን ማክበር ማለት ጉድለትን መሸፋፈን ሳይሆን ጉድለትን ፈጥኖ ማረም መሆኑን አሳየ። በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ የምናስተናግድ ሁሉ ከዚህ ምሳሌ ብዙ እንማራለን፤ ወደ እኛ የሚመጣው ሕዝብ ይህን የመሰለ መስተንግዶ ለማግኘት ባለጸጋ መሆን አይኖርበትምና።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር ምንድን ነው? አሜሪካዊው ሊቅ ቶርስታይን ቬብለን ገና በ1899 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ባለጸጋ ብዙውን ጊዜ ውድ ዕቃ የሚገዛው ለዕቃው ጥቅም ሳይሆን መክፈል መቻሉ እንዲታይለት ነው። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ብረትና ቆዳ ብቻ አይሸጥም፤ ታሪክ ይሸጣል፤ ስም ይሸጣል፤ ከሌላው መለየትን ይሸጣል። ብረቱ የፋብሪካ ዋጋ አለው፤ መለየት ግን ዋጋው የገዢው ምኞት የደረሰበት ድረስ ነው። ትርፉም የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካለው ርቀት ነው።

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት የክብር ምልክት በገበያ አይሸጥም ነበር። የአንበሳ ጎፈር የሚደፋ፣ የክብር ለምድ የሚለብስ ጀግና በጦር ሜዳ የሠራው ሥራ ተመስክሮለት ከንጉሥ የተሸለመው ነው። በዚያ ሥርዓት አድልዎና በደል አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለምዱን ያየ ሁሉ ምን ሠርቶ ተሸለመ ብሎ ይጠይቅ ነበር። በገንዘብ የተገዛ ምልክት ግን ይህን ጥያቄ ይዘጋዋል። መኪናውን ያየ ሰው ስንት ተገዛ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ባለቤቱ ለአገሩ ምን ሠራ ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ነገር ለእኛ ከወሬነት ያለፈ ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚመጣ መኪና የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪውም በከፊል የሚገኘው ገበሬው ለቅሞ፣ አድርቆና ፈልፍሎ ለገበያ ካቀረበው ቡናና ይህን ከመሰለው ምርት ነው። አንድ ሹም ባማረ መኪና ሲያልፍ ከፊት ለፊቱ የሚታየው የፋብሪካው ምልክት ነው፤ ከበስተኋላው ግን የብዙ ጆንያ ቡና ዋጋ ይከተለዋል። መኪና ለሥራ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ለመድረስ የሚያስፈልገውን ያህል ከፍሎ መግዛትና ለመታየት ከፍሎ መግዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መለየት የሹምም የመምህርም የተማሪም ግዴታ ነው።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላል ያገራችን ሰው። ባለፋብሪካው ብልህ ነው፤ ጠባያችንን አጥንቶ ወደ ደጃፋችን ይመጣል፤ ይህን በማድረጉም አይወቀስም፤ ሥራው ነውና። የእኛ ፈንታ ደግሞ ሲመጣ በአክብሮት ተቀብለን፣ ዕቃውን መርምረን፣ ብረቱን ከስሙ ለይተን ዋጋውን መጠየቅ ነው። ወጣቶቻችን የአንድን መኪና ስም ከነሞዴሉ ለይተው እንደሚያውቁ ሁሉ የሠራውን መሐንዲስ ጥበብ ቢያጠኑ፣ የየሊኔክን ብልሃት ብቻ ሳይሆን የማይባህን ስሌት ቢመረምሩ፣ አንድ ቀን የሌላው አገር ነጋዴ የእነርሱን ሥራ ፈልጎ በኢትዮጵያ ደጅ የማይቆምበት ምክንያት የለም።